ሁለት መዳፍ ጎማ፦ ሞተር ሳይክልን ለትራክ የማዘጋጀት ፊዚክስ

አንድ ሞተር ሳይክል ከነነጂው 280 ኪሎግራም ይመዝናል እንበል። ይህ ሁሉ ክብደት ከመሬት ጋር የሚገናኘው በሁለት ሥፍራዎች ብቻ ነው። የሥፍራዎቹን ስፋት በግርድፉ ለመገመት ክብደቱን ለጎማዎቹ የአየር ግፊት ማካፈል ይበቃል፤ ግፊቱ 2.4 ባር ቢሆን ለሁለቱ ጎማዎች በድምሩ 115 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል እናገኛለን። ይህም ጣቶቹ ሳይቆጠሩ ከሁለት የእጅ መዳፎች አይበልጥም። ነጂው ፍጥነት ሲጨምር፣ ፍሬን ሲይዝ ወይም ሲታጠፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ሁሉ ከመሬት የሚመጣለት በእነዚህ ሁለት መዳፎች በኩል ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ የውድድር ጎዳናዎች ውድድር በሌለባቸው ቀናት ለተራ ነጂዎች በክፍያ ይከፈታሉ። ልማዱ «ትራክ ዴይ» ማለትም የትራክ ቀን በመባል ይታወቃል። ነጂው በአዘቦት ቀን ወደ ሥራ የሚሄድበትን ሞተር ሳይክል ይዞ ይመጣና ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና፣ እግረኛም ሆነ መስቀለኛ መንገድ በሌለበት ጎዳና ላይ ችሎታውን ይፈትሻል። ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር በኬንት አውራጃ የሚገኘውን ብራንድስ ሃች እንውሰድ። ይህ ትራክ አስፋልት የለበሰው እ.ኤ.አ. በ1950 ሲሆን፣ ከ1964 እስከ 1986 በነበሩት ዓመታት የብሪታንያን የፎርሙላ ዋን ውድድር ከሌላ ትራክ ጋር እየተፈራረቀ ያስተናግድ ነበር። አጭሩ ዙር 1.9 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ፓዶክ ሂል የሚባለው የመጀመሪያው መታጠፊያ ወደ ቀኝ እየዞረ ቁልቁል ይወርዳል። በዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ወይም ጎማው ያልተዘጋጀ ሞተር ሳይክል ይዞ የሚገባ ሰው ስሕተቱን የሚያርምበት ጊዜ የለውም።

ታዲያ ለመንገድ የተሠራ ሞተር ሳይክል እንዲህ ላለው ቀን ምን ዝግጅት ያስፈልገዋል? ጥያቄው ለአንዳንድ አንባብያን የጋራዥ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ዝግጅቱን አንድ በአንድ ስንመረምረው ግን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርናቸውን ሕግጋት በየቡሎኑና በየዳዶው ሥር እናገኛቸዋለን።

ፍሬን፦ የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ወዴት ይሄዳል?

የአንድ ተንቀሳቃሽ አካል ኢነርጂ የመጠነ ቁሱና የፍጥነቱ ካሬ ብዜት ግማሽ እንደሆነ ይታወቃል። ከላይ የጠቀስነው ሞተር ሳይክል በሰዓት 50 ኪሎሜትር ሲጓዝ 27,000 ጁል ያህል ይይዛል። በሰዓት 200 ኪሎሜትር ሲጓዝስ? ፍጥነቱ በአራት እጥፍ ቢጨምርም ኢነርጂው በ16 እጥፍ አድጎ 432,000 ጁል ይደርሳል። ነጂው ከቀጥተኛው መንገድ መጨረሻ ላይ ፍጥነቱን ከ200 ወደ 80 ለማውረድ 360,000 ጁል ያህል በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ማስወገድ አለበት። የተወሰነውን አየሩ ይወስድለታል፤ አብዛኛው ግን በፍሬኑ ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል።

ከዚህ ውስጥ 300,000 ጁል የፊት ዲስኮች ውስጥ ገባ፣ ሁለቱ ዲስኮችም በአንድነት 3 ኪሎግራም ይመዝናሉ ብለን እናስብ። አንድ ኪሎግራም ብረት በአንድ ዲግሪ እንዲሞቅ 500 ጁል ያህል ስለሚፈልግ፣ በአንድ ጊዜ ፍሬን መያዝ ብቻ የዲስኮቹ መጠነ ሙቀት በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጨምራል ማለት ነው። ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ቀጣዩ መታጠፊያ ይደርሳል። ይህም ለ20 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጥ ይደጋገማል።

ሙቀቱ ከዲስኩ ወደ ፍሬን ሸራው፣ ከሸራው ወደ ፍሬን ዘይቱ ይተላለፋል። እዚህ ላይ አንድ የማይታይ ጠላት አለ፤ እርሱም ውሃ ነው። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ባሕርይ አለው። «ዶት 4» በሚባለው ደረጃ መሠረት አዲስ ዘይት ከ230 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም። 3.7 በመቶ ውሃ የጠጣ ዘይት ግን ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ የመፍያ ነጥብ 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ፈሳሽ በቀላሉ አይጨመቅም፤ ነጂው በጣቶቹ የሚሰጠው ግፊት በዘይቱ በኩል ሳይጓደል ወደ ሸራው የሚደርሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ዘይቱ ፈልቶ የእንፋሎት አረፋ ከፈጠረ ግን እንፋሎት ይጨመቃል። የፍሬኑ መጨበጫ እስከ መሪው ድረስ ይሳባል፤ ሞተር ሳይክሉ ግን አይቆምም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አሮጌውን የፍሬን ዘይት ማስወገድና ከታሸገ ዕቃ በተከፈተ አዲስ ዘይት መተካት ነው። አየሩ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ድረስ መስመሩ ይታጠባል። የሸራው ውፍረት ይለካል፤ ለከተማ ጉዞ ለወራት የሚበቃ ቀሪ ሸራ በትራክ ላይ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል።

ጎማ፦ የጋዞች ሕግ በተግባር

ብዙ ጀማሪዎች ጎማቸውን ጠዋት በመንገድ ልክ ይነፉና ወደ ትራኩ ይገባሉ። ውጤቱን ለማወቅ የጋዞችን ሕግ ማስታወስ ይበቃል። የኋላ ጎማ በ20 ዲግሪ በ2.9 ባር ተነፍቷል እንበል። የጎሚስታው መለኪያ የሚያሳየው ከከባቢ አየር ግፊት በላይ ያለውን ትርፍ ብቻ ስለሆነ፣ በባሕር ጠለል ላይ ትክክለኛው ግፊት 3.9 ባር ነው። በትራኩ ላይ ጎማው 80 ዲግሪ ሲደርስ መጠነ ሙቀቱ ከ293 ወደ 353 ኬልቪን ያድጋል። የጎማው ይዘት እምብዛም ስለማይለወጥ ግፊቱም በዚያው ልክ አድጎ 4.7 ባር ይሆናል፤ መለኪያውም 3.7 ያሳያል። ጎማው እንደ ኳስ ይወጠራል፣ መሬትን የሚነካው ሥፍራ ይጠባል፣ መዳፉ ያንሳል።

በዚህ ምክንያት ለትራክ የሚነፋው ግፊት ከመንገዱ ያነሰ ነው። ትክክለኛው ቁጥር ከጎማ ጎማ ስለሚለያይ የአምራቹን መመሪያ መከተል ግድ ይላል። ልምድ ያላቸው ነጂዎች ከዙር እንደተመለሱ፣ ጎማው ሳይቀዘቅዝ፣ ግፊቱን ወዲያው ይለካሉ፤ የሚፈለገውም በሙቅ ጎማ የሚገኘው ቁጥር ነው። ያልሞቀ ጎማ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። ጎማው ደርቆ ስለሚቆይ አስፋልቱን በሚገባ አይጨብጥም። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች በእርጋታ የሚነዱት ለዚህ ነው።

የሰበቃው መጠን ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ መታጠፊያው ያሳየናል። ነጂው ሲታጠፍ የሚጋደምበት ማዕዘን ታንጀንት የፍጥነቱ ካሬ ለመታጠፊያው ሬዲየስና ለመሬት ስበት ብዜት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። ሬዲየሱ 64 ሜትር በሆነ ጠፍጣፋ መታጠፊያ ላይ በሴኮንድ 25 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 90 ኪሎሜትር ቢነዳ ውጤቱ 1 ይሆናል፤ ማዕዘኑም 45 ዲግሪ ነው። ይህ እንዲሆን የሰበቃው ኮፊሸንት ቢያንስ 1 መሆን አለበት። በስሌቱ ውስጥ መጠነ ቁስ እንደሌለ አንባቢ ልብ ይበል፤ ወፍራምም ቀጭንም ነጂ በአንድ ዓይነት ሕግ ይዳኛል። ኮፊሸንቱ በዘይት ጠብታ ወይም በቀዘቀዘ ጎማ ምክንያት ወደ 0.7 ቢወርድ ግን በዚያ ፍጥነት መታጠፍ ፈጽሞ አይቻልም።

ሞላ፣ አሞርዛተርና ካቴና

ሰበቃ የሚኖረው ጎማው መሬትን እስከተጫነ ድረስ ብቻ ነው። ጎማው በጉብታ ላይ ሲዘል፣ በአየር ላይ ባለበት ቅጽበት ሰበቃው ዜሮ ነው። ጎማውን ከመሬት ጋር አጣብቆ የማቆየት ተግባር የሞላውና የአሞርዛተሩ ነው። በዝግጅቱ ወቅት ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሞላው ሙሉ በሙሉ ሲለጠጥ ያለው ርዝመት ይለካል፤ ቀጥሎም ነጂው ልብሱን ለብሶ ተቀምጦ እንደገና ይለካል። ከፊት በኩል ጠቅላላ እንቅስቃሴው 120 ሚሊሜትር በሆነ ሞተር ሳይክል ልዩነቱ ከ30 እስከ 35 ሚሊሜትር ቢሆን የተለመደ ነው። ልዩነቱ የሚስተካከለው ሞላውን አስቀድሞ የሚጫነውን ማስተካከያ በማጥበቅ ወይም በማላላት ነው። ብዙዎች ማስተካከያውን ማጥበቅ ሞላውን የሚያጠነክረው ይመስላቸዋል። በሁክ ሕግ መሠረት ግን የሞላው ጥንካሬ ያው ነው፤ የሚለወጠው የሞተር ሳይክሉ ከፍታ ነው። አሞርዛተሩ ደግሞ የሞላውን ንዝረት ወደ ሙቀት ለውጦ ያረግበዋል።

ካቴናውም የራሱ ስሌት አለው። የኋላው ጎማ ወደ ላይና ወደ ታች ሲንቀሳቀስ በሁለቱ ጥርሳም ክቦች መካከል ያለው ርቀት ይለዋወጣል። ካቴናው ያለ መጠን ከተወጠረ ሞላው እንዳይሠራ ያግደዋል፤ ኩሽኔታዎቹንም ይጎዳል። ያለ መጠን ከላላ ሊወልቅና የኋላውን ጎማ ሊያስር ይችላል። ለብዙ የመንገድ ሞተር ሳይክሎች ከ30 እስከ 40 ሚሊሜትር ልል መሆን አለበት።

ለሚከተለው ሰው

እስካሁን ያነሣናቸው ነገሮች የነጂውን የራሱን መዳፎች የሚመለከቱ ናቸው። ትራክ ላይ ግን ከኋላ የሚመጣ ሌላ ሰው አለ። ከአንዱ ሞተር ሳይክል የወደቀ ነገር ሁሉ በሌላው ጎማ ሥር ይገኛል። ቀሪው የዝግጅት ክፍል ለዚህ ሰው የሚደረግ ነው።

ስፖኪዮዎች ይፈታሉ። የመብራትና የፍሬቻ ክዳኖች በፕላስተር ይሸፈናሉ፤ ቢሰበሩም ስብርባሪያቸው አይበተንም። በውድድር ሕግ የሞተር ዘይት ማፍሰሻው ቡሎን በቀጭን ሽቦ ይታሰራል፤ ለትራክ ቀን ባይጠየቅም ብዙዎች ያደርጉታል። ሽቦው የሚታሰርበት አቅጣጫ ቡሎኑ ሊላላ ሲሞክር ሽቦው ይበልጥ እንዲወጠር ተደርጎ ነው። ቡሎኖች በንዝረት ስለሚላሉ በቶርክ መለኪያ መፍቻ ይፈተሻሉ። የኋላ ቸርኬ ዘንግ ዳዶ 100 ኒውተን-ሜትር የሚጠይቅ ከሆነ፣ ግማሽ ሜትር ርዝመት ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ 200 ኒውተን ጉልበት ማሳረፍ ያስፈልጋል። ከዚያም በዳዶውና በአካሉ ላይ አንድ ቀጭን የቀለም መስመር ይሰመራል፤ መስመሩ ከተዛነፈ ዳዶው መላላቱ ከሩቅ ይታያል።

በውድድር ሕግና በብዙ የአሜሪካ የትራክ አዘጋጆች ዘንድ በራዲያተር ውስጥ ያለው ግላይኮል ተደፍቶ በንጹሕ ውሃ እንዲተካ ይጠየቃል። ግላይኮል አስፋልት ላይ ሲፈስ እንደ ውሃ ቶሎ አይተንም፤ ያንሸራትታልም። ውሃ በአንጻሩ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከግላይኮል ድብልቅ ይበልጣል። በአዲስ አበባ ከፍታ በክፍት ድስት ውስጥ በ93 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ውሃ፣ በባሕር ጠለል ላይ 1.1 ባር ትርፍ ግፊት በሚይዝ ክዳን ሥር እስከ 120 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። ነገር ግን ቀዝቃዛ አገር የሚኖር ነጂ ክረምት ሳይገባ ግላይኮሉን መመለስ አለበት፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ይዘቱ በ9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ሞተሩን ሊሰነጥቅ ይችላል።

የትራኩ ጎረቤቶችም ከሚታሰብላቸው ሰዎች ይቆጠራሉ። በብሪታንያ የማርሚታው ድምፅ ከጫፉ በግማሽ ሜትር ርቀት፣ በ45 ዲግሪ ማዕዘን ይለካል፤ ገደቡ እንደየትራኩና እንደየቀኑ ቢለያይም በብዙ ቦታ 105 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ዴሲቤል ሎጋሪዝማዊ መለኪያ በመሆኑ ከ102 ወደ 105 መድረስ የድምፁን ኃይል በእጥፍ ማሳደግ ማለት ነው።

የምርመራው ጠዋት

በትምህርት ምክንያት በውጭ አገር በቆየንባቸው ዓመታት እንደታዘብነው፣ ጥሩ መርማሪ ብዙ አይናገርም። የፊት ጎማውን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ መሪውን ይነቀንቃል፤ የፍሬን መጨበጫውን ይጨብጣል፤ ነዳጅ መስጫውን ጠምዝዞ ይለቅቃል። ነዳጅ መስጫው በራሱ ሞላ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ነጂው ወደ ትራኩ አይገባም። የራስ ቁሩና የቆዳ ልብሱም ይታያሉ። ሰው በአስፋልት ላይ ሲንሸራተት የእንቅስቃሴ ኢነርጂው በሰበቃ መወገዱ አይቀርም፤ ምርጫው ሰበቃው ቆዳውን ልብስ ይብላው ወይስ የሰውን ገላ የሚለው ብቻ ነው። ከዚያም የባንዲራ ምልክቶች ይብራራሉ፤ ነጂዎች እንደ ችሎታቸው በምድብ ይከፈላሉ።

ከትራኩ ወደ መንገዳችን

አብዛኞቹ አንባብያን ብራንድስ ሃችን አያዩትም ይሆናል። ሕግጋቱ ግን በአገራችን መንገዶች ላይም ያው ናቸው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ነጂ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጓዛል። የ280 ኪሎግራሙ ሞተር ሳይክላችን በዚህ ጉዞ የሚያጣው የከፍታ ኢነርጂ ከ3.5 ሚሊዮን ጁል ይበልጣል። ይህም ቀደም ሲል ካሰላነው የአንድ ጊዜ ፍሬን አያያዝ አሥር እጥፍ ያህል ነው። ጊዜው ረጅም ስለሆነ ሙቀቱ ሊበተን ይችላል፤ ነጂው በዝቅተኛ ማርሽ ወርዶ የሞተሩን ተቃውሞ ከተጠቀመ ፍሬኑ ያርፋል። ፍሬኑን እንደያዘ ከወረደና ዘይቱ ለዓመታት ያልተቀየረ ከሆነ ግን፣ የክረምቱን እርጥበት ሲጠጣ የኖረው ዘይት ገደሉ መካከል ሊፈላ ይችላል።

የፍሬን ዘይት መቀየር፣ ጎማ ሳይሞቅ ግፊቱን መለካት፣ ካቴናውን መፈተሽ፣ የላላ ዳዶ ማጥበቅ ትራክ አይጠይቁም፤ ውድ መሣሪያም አይጠይቁም። በቤተሰባችሁ ወይም በጎረቤት ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ካለ፣ በሚቀጥለው የዕረፍት ቀን አብራችሁት ቁጭ በሉና የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁት። መልሱ «አላስታውስም» ከሆነ፣ ከመማሪያ መጽሐፋችሁ ውስጥ የእንቅስቃሴ ኢነርጂን ቀመር አውጥታችሁ በእርሱ ክብደትና በእርሱ ፍጥነት አስሉለት። ቁጥሩን ሲያይ ወደ ጋራዥ ለመሄድ ሌላ ምክር አያሻውም።