በዶሮ መኖ ውስጥ ያለችው ቁንጥር

ግቢ ውስጥ ስትጭር የምትውል ዶሮ ቫይታሚኗን ከሣሩ፣ ከትሉና ከፀሐዩ ታገኛለች። ቢሾፍቱ አካባቢ ባሉ እርባታዎች ቤት ተዘግቶባት የምትጥለው ቦቫንስ ብራውን የተባለችው ዝርያ ግን ከፊቷ ከሚቀርብላት መኖ ሌላ ምንጭ የላትም። መኖው በቆሎ፣ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ አኩሪ አተርና የኖራ ድንጋይ ነው። ሆድ ይሞላል፤ በቫይታሚን በኩል ግን ጎደሎ ነው። በተለይ የእኛ ነጭ በቆሎ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠውን ቢጫ ቀለም እምብዛም አልያዘም።

ክፍተቱን የሚሞላው ፕሪሚክስ የሚባለው የቫይታሚንና የማዕድን ዱቄት ነው። እንደ ዓይነቱ ለአንድ ቶን መኖ 2.5 ወይም 5 ኪሎ ይገባል። በቀን 110 ግራም ያህል ለምትበላ ዶሮ በ2.5 ኪሎው ስሌት የሚደርሳት ከሩብ ግራም እምብዛም አይበልጥም።

የዚህችን ቁንጥር ሥራ የእንቁላሉ ቅርፊት ይናገራል። አንድ ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይዟል፤ ተሠርቶ ለማለቅም 20 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ካልሲየሙ ከአንጀት ወደ ደም እንዲገባ የሚያደርገው ቫይታሚን ዲ3 ነው። እሱ ሲጎድል የበላችው ኖራ ከኩስ ጋር ይወጣል፤ እሷም ከገዛ አጥንቷ እየቀነሰች ትጥላለች። ቅርፊቱ ይሳሳል፣ ውሎ አድሮም እግሯ ይከዳታል። ከዕፅዋት የሚገኘው ዲ2 ለዶሮ እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም የለውም። ቢ2 ሲያንስ ደግሞ ጉዳቱ የሚብሰው በጫጩቱ ነው፦ ሳይፈለፈል ይሞታል፣ ወይም ጣቱ ይጠቀለላል። ቫይታሚን ሲን ግን ዶሮ ራሷ ትሠራለች።

በነገራችን ላይ በቫይታሚን ጉዳይ የዶሮ ውለታ አለብን። የዴንማርኩ ሄንሪክ ዳም ቫይታሚን ኬን ያገኘው ስብ የሌለበት መኖ የበሉ ጫጩቶች ሲደሙ አይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1943ን የኖቤል ሽልማት ከኤድዋርድ ዶይዚ ጋር ተጋርቷል።

ፕሪሚክስ በቀጥታ የመኖው ክምር ላይ ቢበተን አይዳረስም፤ አስቀድሞ ከጥቂት ኪሎ ፉርሽካ ጋር ይታሻል። ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት ኃይሉን ስለሚያዳክሙት ብዙ ገዝቶ ማከማቸት ኪሳራ ነው። እንቁላል በቀነሰ ቁጥር ቫይታሚን ውሃ ላይ መጨመርም ልማድ ሆኗል። ነገር ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት ብርሃኑ፣ ውሃው፣ ኖራውና የዶሮዋ ዕድሜ ነው። ኤ እና ዲ ሲበዙ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማሉ፤ የዲ ትርፍ ካልሲየም ኩላሊት ላይ እንዲጋገር ያደርጋል።

ገበያው አስኳሉን በቀለሙ መመዘኑ ደግሞ ሌላ ስህተት ነው። ነጭ በቆሎ ከሙሉ ፕሪሚክስ ጋር የበላች ዶሮ ገርጣ ያለ አስኳል ትጥላለች፤ ቫይታሚን ኤ ግን አልጎደለበትም።