እስስትን ለማዳ ከማድረግ በፊት
በዲላ ዙሪያ የቡናና የእንሰት ማሳዎችን ከአገር በቀል ዛፎች ጋር አጣምሮ የያዘውና በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ለእስስት ምቹ መኖሪያ ነው።

በዓለም ገበያ ለጀማሪዎች ከሚመረጡት ዝርያዎች አንዱ የየመንና የሳዑዲ ዓረቢያ እስስት ሲሆን፣ ምክንያቱም በሰው እጅ የሚራባ መሆኑ ነው። ከዱር የተያዘ እስስት ግን በመነካካት ይጨነቃል፤ ብቻውን መኖር፣ የፀሐይ ብርሃን፣ በሕይወት ያሉ ነፍሳትና ከቅጠል ላይ የሚጠጣው የውሃ ጠብታ ያስፈልጉታል። እነዚህ ሲጓደሉበት ይታመማል፤ ይሞታልም።

ኢትዮጵያ ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ አባል የሆነችበት የሳይተስ ስምምነት የእስስትን ዓለም አቀፍ ንግድ በፈቃድ ይገድባል። እስስት መርዝ የለውም፤ ነፍሳትንም ይመገባል። በመሆኑም ኅብረተሰቡ ሳይገድለውና ወደ ቤት ሳይወስደው፣ በዛፉ ላይ እንዳለ እንዲጠብቀው ይመከራል።