የአባት ሥልጣን በምን ይጸናል?

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ልጅ ለአባቱ ይታዘዝበት የነበረውን ምክንያት ብንመረምር፣ ከሃይማኖት ትእዛዝና ከልማድ ሌላ አንድ ጽኑ መሠረት እናገኛለን፤ ይኸውም ርስት ነው። ልጅ ጎጆ ሲወጣ መሬቱንና በሬውን የሚጠብቀው ከአባቱ ስለ ነበረ፣ ቢከፋው እንኳ ቃል አይመልስም ነበር። ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ ይህን የመንዝ አባት ሥልጣን ገልጦታል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ መሠረቱ ላላ።

ከዚህ የከበደ ለውጥ የደረሰው ግን ወደ እስራኤል በተሻገሩት ቤተ እስራኤል ላይ ነው። በጎንደር ሳሉ ብዙዎቹ ርስት ባይኖራቸውም፣ አባት ለልጁ እርሻን፣ ሽመናንና ብረት መቀጥቀጥን ያስተምር ነበር። በ1977 ዓ.ም. 8,000 ያህል ሰዎች ከሱዳን፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 የሚበልጡ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። በዚያ አገር የአባት ሞያ ፈላጊ አጣ፤ ዕብራይስጥን ፈጥኖ የተማረው ልጅ በየመሥሪያ ቤቱ የአባቱ አስተርጓሚ ሆነ። ስለዚህ በብዙ ቤት አባት ልጁን ለማኝ ሆነ፤ ልጅም በአባቱ አፈረ፤ በማፈሩም ተጸጸተ።

እኛ ከገጠር ወጥተን በባዕድ ቋንቋ የምንማር ተማሪዎች ይህን እንደ ሩቅ ወሬ ልንቆጥረው አይገባንም። አባታችን የማያነበውን መጽሐፍ ይዘን ቤት በገባን ጊዜ፣ አክብሮታችን በጥቅም ላይ ወይስ በፍቅር ላይ የቆመ እንደ ነበረ ይለያልና።