ፍሪጁ ላይ የቀረው ፖስታ

ጎረቤቴ ለልጇ የአስም መድኃኒት ልታመጣ ፋርማሲ ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች። «ኢንሹራንሱ ተዘግቷል አሉኝ፤ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ደመወዟ አልጨመረም፤ ልጇም ገና ስምንት ዓመቱ ነው። ቤቷ ገብተን ስንበረብር ጉዱ ፍሪጁ ላይ፣ ከሱፐርማርኬት የቅናሽ ወረቀቶች ሥር ተገኘ፤ ያልተከፈተ ፖስታ። የዓመት ማደሻ ፎርም ነበር፤ የመመለሻው ቀን ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ ይህን ከራሱ ቤት ባይሰማ ከዘመድ ይሰማል። ሜዲኬድ የሚባለው የመንግሥት የጤና ሽፋን ከ1965፣ ቺፕ የሚባለው የልጆች ሽፋን ደግሞ ከ1997 ጀምሮ አለ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ ግን እንደየስቴቱ ይለያያል፤ ቨርጂኒያ ለልጆች ፋሚስ፣ ዋሽንግተን ስቴት አፕል ኸልዝ፣ ካሊፎርኒያ ሜዲካል ይሉታል። «ሜዲኬድ አለሽ?» ስትባል «የለኝም፣ አፕል ኸልዝ ነው ያለኝ» ብላ የምትመልስ እናት ምን ይፈረድባታል?

የችግሩ ስፋት አደባባይ የወጣው በ2023 ነው። በኮሮና ምክንያት ከማርች 2020 ጀምሮ ስቴቶች ሰው እንዳይሰርዙ ተደርጎ ነበር። ጥበቃው በማርች 2023 መጨረሻ ሲነሳ ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከሽፋን ወጡ። ከአሥሩ ሰባት ያህሉ የወጡት ብቁ አለመሆናቸው ተጣርቶ ሳይሆን፣ ፎርም ባለመመለሱ ወይም ወረቀት ባለመሟላቱ ነው። ይባስ ብሎ በ30 ያህል ስቴቶች ኮምፒውተሩ ቤተሰቡን በጅምላ እየመዘነ፣ የአባት መረጃ ሲጎድል ብቁ የሆነውን ልጅ አብሮ ይጥል እንደነበር ታወቀ፤ ልጆችን ጨምሮ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ሰዎች እንዲመለሱ ተደረገ። ስለዚህ «ወላጆች ቸልተኛ ናቸው» የሚለውን ወሬ አልቀበልም።

እኛ ቤት ሲመጣ ደግሞ ይወሳሰባል። የሜዲኬድ መሥሪያ ቤቱ ሲያድስ መጀመሪያ ገቢን ከደመወዝ መዝገብ ራሱ አይቶ፣ ከተስማማ ወላጅን ሳያስቸግር ያድሳል። የኡበር ሹፌር ገቢ ግን እዚያ መዝገብ ላይ የለም፤ ስለዚህ ፎርም ይላካል። ስማችንስ? ልጁ በአባቱ ስም፣ አባትየው በአባቱ፣ እናትየው በአባቷ ይጠራሉ፤ አንድ ቤት ሦስት ቤተሰብ ይመስላል። ስልክ ላይ ያለችው ሠራተኛ «ለልጁ ምኑ ነሽ?» ብትል አይገርምም።

ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ ከ19 ዓመት በታች ያለ ልጅ አንዴ ከጸደቀለት፣ የወላጁ ገቢ መሃል ላይ ቢጨምር እንኳ 12 ወር ሙሉ ሽፋኑ አይነካም። ማደሱ ግን አልቀረም። የልጆች የገቢ ጣሪያ ከወላጅ ከፍ ስለሚል፣ እናት «ብቁ አይደለሽም» ስለተባለች ልጅም ወጣ ማለት አይደለም። ብዙዎች ግን የራሳቸውን ደብዳቤ አንብበው ተስፋ ቆርጠው የልጁን ፎርም ይጥሉታል። በ2025 በወጣው ሕግ ደግሞ ከ2027 መጀመሪያ ጀምሮ ብዙ አዋቂዎች ሽፋናቸውን በየስድስት ወሩ ሊያድሱ ነው፤ የልጆቹ በዓመት እንደሆነ ይቀራል። ፖስታው ሊበዛ ነው።

ጎረቤቴ ዕድለኛ ነበረች። ሽፋኑ ከተዘጋ በ90 ቀን ውስጥ ፎርሙ ከተመለሰ አዲስ ማመልከቻ አያስፈልግም። ደወልን፤ እንግሊዝኛው ሳይጀመር «አማሪክ» አለችና ዝም ብላ ጠበቀች። አስተርጓሚው በነፃ ነው፤ እሷ ግን ከዚያ በፊት አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም።

ቤት የቀየራችሁ ሁሉ፣ ለፖስታ ቤት መንገር ብቻ አይበቃም፤ አዲሱን አድራሻ ለሜዲኬድ ቢሮውም ደውላችሁ አስመዝግቡ።