ብስክሌትንና የቤት ንብረትን ከሌባ ስለ መጠበቅ፤ የካርቲየ 4 ኑሮ እንደሚያስተምረን

ንብረት ማፍራት አንድ ድካም ነው፤ ያፈሩትን መጠበቅ ደግሞ ሌላ ድካም ነው። ይህን ሁለተኛውን ድካም የጅቡቲ ከተማ ነዋሪ፣ ይልቁንም የካርቲየ 4 ነዋሪ፣ በሚገባ ያውቀዋል። የምድር ባቡሩ ሐዲድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ጅቡቲ ከኢትዮጵያ ንግድ ዋና ዋና የባሕር በሮች አንዷ ሆና ኖራለች፤ ከወደቡና ከገበያው የሚውለው ሠራተኛም በቁጥር በተሰየሙት ሠፈሮች ውስጥ ተጠጋግቶ ይኖራል። በእነዚህ ሠፈሮች ብዙው ቤት ከጣውላና ከቆርቆሮ የተሠራ ነው። የአንዱ ግድግዳ ለሌላው አጥር በሆነበት ሠፈር የንብረት ጥበቃ ጉዳይ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በዚያ ላይ የአየሩ ጠባይ አለ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣና ኻምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ በር ዘግቶ ማደር እንደ ቅጣት ነው። ስለዚህ ሰው አልጋውን በግቢ ውስጥ ወይም በደጃፍ ዘርግቶ፣ በሩንና መስኮቱን ለነፋስ ከፍቶ ያድራል። ለነፋስ የተከፈተ በር ለሌባም የተከፈተ ነው። አደጋውም በሌሊት ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ በቀትር ሱቆች ተዘግተው ሰው ሁሉ በጥላ ሥር በሚያርፍበት ሰዓት መንገዱ ጭር ስለሚል፣ እጁ የረዘመ ሰው የሚመርጠው ይህንኑ ጊዜ ሊሆን ይችላል።

ብስክሌት በሀብታም ቤት መጫወቻ ሊሆን ይችላል፤ በሠራተኛ ቤት ግን የእንጀራ መሣሪያ ነው። ጅቡቲ እንደ ባሕር ዳር ሁሉ ሜዳማ ከተማ ስለሆነች፣ ብስክሌት ያለው ሰው ለመጓጓዣ ሳይከፍል ከሥራው ይደርሳል፣ ዕቃም ያደርሳል። የተሰረቀበት ዕለት ግን የሚያጣው ብረትና ጎማ ብቻ ሳይሆን የነገ ደመወዙን ጭምር ነው።

እንግዲህ ብልሃቱ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ብስክሌቱን ቤት ውስጥም ቢሆን አስሮ ማሳደር ነው። ሰንሰለቱን በፊተኛው ጎማ ላይ ብቻ ያሰረ ሰው ማለዳ ሲነሣ ጎማውን አግኝቶ ብስክሌቱን ያጣል። ሰንሰለቱ በብረት አካሉና በኋለኛው ጎማ መካከል አልፎ፣ ከመሬት ጋር በሲሚንቶ ከተተከለ ቀለበት ወይም ከማይነቀል ምሰሶ ጋር መታሰር ይገባዋል። ጓጉንቸሩም መሬት ላይ ተጋድሞ ማደር የለበትም፤ መሬቱ እንደ መስፍ ሆኖ ለመዶሻ መቺው ያግዘዋልና። የቁልፉ ቀዳዳ ወደ ታች ቢዞር አቧራ አይገባበትም፤ የባሕር አየር ብረትን ፈጥኖ ለዝገት ስለሚዳርግም በየጊዜው ጥቂት ዘይት ማጠጣት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የበሩ ጉዳይ ነው። አሜሪካዊው ሊነስ ዬል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1861 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ካስመዘገበበት ጊዜ ጀምሮ የሲሊንደር ቁልፍ በዓለም ሁሉ ተሠራጭቷል፤ ነገር ግን ውድ ቁልፍ በበሰበሰ ጣውላ ላይ ቢመታ ጥቅም የለውም። ሌባ ቁልፉን ሳይሰብር ማጠፊያውን ነቅሎ ይገባል። ስለሆነም ማጠፊያውና መቀርቀሪያው በአጭር ምስማር ሳይሆን ጣውላውን ዘልቆ በውስጥ በኩል በዳዶ በሚጠብቅ ብሎን መያዝ አለባቸው። ለነፋስ ክፍት የሚያድር መስኮትም እጅ የማያስገባ የብረት መረብ ቢደረግበት ነፋሱ ይገባል፣ ሌባው ይቀራል።

ሆኖም አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። የጣውላ ቤት እሳት ሲይዘው በደቂቃዎች ውስጥ ይነዳል፤ ከአንዱም ወደ ሌላው ይዛመታል። በመስኮቱ ሁሉ ፍርግርግ ሠክቶ፣ በሩን ከውስጥ ቈልፎ ቁልፉን ከትራስ ሥር የሚደብቅ አባወራ ልጆቹን ከሌባ አድኖ ለእሳት እንዳይሰጥ መጠንቀቅ አለበት። ቢያንስ አንድ መውጫ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ይሁን፤ ቦታውንም የቤቱ ሰው ሁሉ በጨለማም ቢሆን ይወቀው። ንብረት ይተካል፤ ሰው አይተካም።

ሦስተኛው ብልሃት ወጪ የለውም። ብዙው ብስክሌት ከፔዳሉ መጋጠሚያ በታች በብረቱ ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለው። ይህን ቁጥር ከመግዣው ደረሰኝና ከፎቶግራፍ ጋር በደብተር መዝግቦ ማስቀመጥ፣ በሬዲዮና በልብስ ስፌት መኪና ላይም እንዲሁ ማድረግ ይገባል። «ብስክሌቴ ጥቁር ነበር» የሚል ከሳሽ ለፖሊስ ምንም አልነገረም፤ ጥቁር ብስክሌት ብዙ ነውና። ቁጥሩን የያዘ ግን ንብረቱ በተገኘ ጊዜ የራሱ መሆኑን ያስረዳል። በጃፓን አገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ብስክሌትን ማስመዝገብ በሕግ ግዴታ ሆኗል። ለአስተዳዳሪዎችም ነገሩ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ አንድ መዝገብና አንድ ጸሐፊ ብዙ ክርክር ያስቀራሉና።

ከሁሉ በላይ የሚከብደው ግን የጥርጣሬ ጉዳይ ነው። አባቶች «ቤቱን ሳይዘጋ ሰውን ሌባ ይላል» ብለው የተረቱት ያለ ምክንያት አይደለም። በቀድሞው ዘመን በኢትዮጵያ ዕቃ ሲጠፋ አገሬው በአፈርሳታ ተሰብስቦ ይውል ነበር፤ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ንጹሑም ሥራውን ፈትቶ ይጉላላል። ሌባ ሻይ በሚባለው ልማድ ደግሞ መጠጥ የጠጣ ልጅ ተንገዳግዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት እንደ ሌባ ይቈጠር ነበር። ልማዱ ቢቀርም መንፈሱ በሰው ልብ ውስጥ አልጠፋም። ዛሬም ዕቃ የጠፋበት ሰው ዓይኑን አስቀድሞ የሚጥለው በእንግዳው ላይ፣ ማለት ከደጋ በወረደው የቀን ሠራተኛ፣ ቋንቋውን በማያውቀው መንገደኛ ላይ ነው። በሩን የሚዘጋ ሰው እንግዲህ ንብረቱን ብቻ ሳይሆን የንጹሕ ጎረቤቱን ስም ጭምር ይጠብቃል።

ለነጋዴዎችም የሚነገር ቃል አለ። ገዢ ባይኖር ሌባ ባልኖረ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ እርሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ዕቃ የሚቀበለውን ሰው ይቀጣሉ። ዋጋው ከሚገባው እጅግ የረከሰ፣ ቁጥሩ የተፋቀ፣ ሻጩ ደረሰኝ የሌለው ብስክሌት በቀረበለት ጊዜ ነጋዴው እጁን ቢሰበስብ ኪሱንም ክብሩንም ያድናል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከጠፋ በኋላ የሚሰማው ጩኸት ያለቀ ነገር ነው። ለካርቲየ 4 ሠራተኛ ጥቂት ብሎን፣ አንድ ሰንሰለት፣ አንድ ደብተርና የሚተማመን ጎረቤት ከብዙ ክስና ምስክር ይሻሉታል። በሙቀቱ ምክንያት ደጅ የሚያድሩ ጎረቤታሞች ተራ ገብተው አንዱ የሌላውን ደጃፍ ቢጠብቁ፣ ለነፋስ ብለው የከፈቱት በር ለሌባ አይሆንም።