ከጠመንጃ ወደ መዝገብ

በ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ፣ በአሜሪካ አዳኞች በገና ዕለት በወገን በወገን ተከፍለው ወደ ዱር የመውጣት ልማድ ነበራቸው። የወደቀው ወፍና አውሬ ተቈጥሮ ብዙ የገደለው ወገን ያሸንፋል። ፍራንክ ቻፕማን የተባለ የወፎች ተመራማሪ ግን እ.ኤ.አ. በ1900 ወፎቹ ሳይገደሉ እንዲቈጠሩ ሐሳብ አቀረበ። በዚያው ዓመት በገና ዕለት 27 ሰዎች በ25 ሥፍራዎች ቈጠሩ፤ ዛሬ በየዓመቱ ብዙ አሥር ሺህ በጎ ፈቃደኞች ይሳተፋሉ።

ቈጠራው ደንብ አለው። ከዳር እስከ ዳር 24 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ክብ መሬት ይከለላል፤ ተሳታፊዎቹም በአንድ ቀን ውስጥ ያዩትንና ድምፁን የሰሙትን ወፍ ሁሉ በየዓይነቱ ይመዘግባሉ። ከዚህም ጋር የቈጣሪዎቹ ብዛትና የደከሙበት ሰዓት መጻፍ አለበት። ይህ ትርፍ ሥራ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ዐይን ሲበዛ የሚታየው ወፍም ይበዛልና፣ ሰዓቱ ካልታወቀ የበዛው ወፉ ይሁን ቈጣሪው መለየት አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንቲስቶች ይህን መዝገብ ከሌሎች ቈጠራዎች ጋር አገናዝበው፣ ከ1970 ወዲህ በሰሜን አሜሪካ 3 ቢሊዮን የሚጠጉ ወፎች መጕደላቸውን ገለጡ። ከጐደሉትም ብዙዎቹ እንደ ድንቢጥ ያሉ፣ በየሜዳው ስለሚታዩ ማንም ይጠፋሉ ብሎ ያልጠረጠራቸው ናቸው።