ተጨማሪ መረጃ፦ አስከሬንን ለሕክምና ትምህርት ማበርከት

የረሆቮቱ ካፕላን ሆስፒታል ከኢየሩሳሌሙ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ይሠራል። በ1953 እ.ኤ.አ. የወጣው የእስራኤል የአናቶሚና የፓቶሎጂ ሕግ፣ ሰው በሕይወት ሳለ በጽሑፍ ከፈቀደ አስከሬኑ ለሳይንስ ጥናት እንዲውል ይፈቅዳል።

በረሆቮት ቂርያት ሞሼ ሰፈር ላሉ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን (የኢትዮጵያ አይሁድ) አረጋውያን ግን ጉዳዩ ከባድ ነው። በኢትዮጵያ ሳሉ ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ተገልሎ፣ በውሃ ነጽቶ ነበር ከሰው የሚቀላቀለው። ረቢዎችም የሟችን ክብርና ፈጣን ቀብርን ያስቀድማሉ። ይህን ስጋት ከልብ ማድመጥ የሐኪም ሥራ አካል ነው።

«አዲ» የተባለው ካርድ ለሕሙማን የአካል ክፍል ለመለገስ እንጂ መላ አካልን ለተማሪዎች ለመስጠት አይደለም። ለዚህኛው ከዩኒቨርሲቲ ጋር የተለየ ቅጽ ይፈረማል፤ ጥናቱ ሲያበቃም አስከሬኑ ይቀበራል።